ጣት ሳይነሳ፦ በስልክና በኮምፒዩተር ላይ መጎተትን መፈተሽና ማሻሻል



ስልክ ይጮኻል። አረንጓዴውን ምልክት ትነካላችሁ፣ ስልኩ ግን መጮኹን አያቆምም። ደግማችሁ ትነካላችሁ፣ አሁንም ያው ነው። በሦስተኛው ዝም ይላል፤ ለካ የደወለው ሰው ሰልችቶት ዘግቶታል። ደዋዩ ልጃችሁ ከሆነ መልሶ ይደውላል። ከኩፓት ሆሊም ስለ ቶር ወይም ስለ ምርመራ ከሆነ ግን መልሰው ላይደውሉ ይችላሉ፤ ቶሩም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል።

በዚህ የተነሳ ስልኩን ለልጅ ልጅ ሰጥተው «በቃ አንተ አንሳልኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ቀስ በቀስ የባንኩም፣ የሐኪሙም፣ የቢቱዋህ ሌኡሚውም ጉዳይ በሌላ ሰው እጅ ይገባል። ነገሩ የተጀመረው ግን ከአንዲት ትንሽ የጣት እንቅስቃሴ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለዚያች እንቅስቃሴ እናወራለን፦ ምን እንደሆነች፣ ለምን እንደምታስቸግር፣ በቤታችሁ እንዴት እንደምትፈትኗትና እንዴት እንደምታሻሽሏት። እጅ እምቢ ካለም ሌላ መንገድ እንዳለ እንነግራችኋለን።

መንካትና መጎተት አንድ አይደሉም

በስልክ ስክሪን ላይ ጣት ሁለት ዋና ሥራ አለው። አንደኛው መንካት ነው፤ የበር ደወል እንደ መጫን፣ ነክቶ መልቀቅ። ሁለተኛው መጎተት ነው፤ ልጆቻችን በዕብራይስጥ «ታህሊቅ» ወይም «ትግሮር» የሚሉት። መጎተት ሦስት ነገር በተራ ይጠይቃል፦ ትክክለኛውን ቦታ መያዝ፣ ጣትን ሳያነሱ መሄድ፣ የሚፈለገው ቦታ ሲደርሱ መልቀቅ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ስልኩ ምንም እንዳልተደረገ ይቆጥረዋል።

እንጀራ የጋገረች እናት ይህን ታውቀዋለች። ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሃል ስታመጣ እጇ ከተቋረጠ እንጀራው ክፍተት ይኖረዋል። በበሬ ያረሰ አባትም ያውቀዋል፤ ማረሻው ከመሬት ከተነሳ ትልሙ ይቋረጣል። ስልክ ላይም እንዲሁ ነው። ጉልበት አይፈልግም፤ የሚፈልገው አለመቋረጥ ነው።

የት የት ያጋጥማችኋል?

ስልክ ማንሳት። በብዙ ስልኮች ስክሪኑ ተቆልፎ ሳለ ጥሪ ሲመጣ ምልክቱን መጎተት ያስፈልጋል። ስልኩ ክፍት ሆኖ እየሠራችሁበት ሳለ ሲደወል ግን ብዙ ጊዜ መንካት ይበቃል። አንድ ጊዜ በመንካት ተነስቶ፣ ሌላ ጊዜ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ስልኩ አልተበላሸም።

የድምፅ መልእክት በዋትስአፕ። የማይክሮፎኑን ምልክት ተጭናችሁ ስታወሩ ጣታችሁ ወደ ጎን ከተንሸራተተ መልእክቱ ይሰረዛል። ወደ ላይ ከጎተታችሁት ደግሞ ቀረጻው ይቆለፋል፤ ጣታችሁን አንስታችሁ በነጻነት ማውራት ትችላላችሁ። ብዙ አውርቶ መልእክቱ የጠፋበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጣቱ ሳያውቀው ወደ ጎን ሄዶበት ነው።

የልደት ዓመት መምረጥ። በአንዳንድ ቅጾች ላይ ዓመቶቹ እንደ መንኮራኩር ይሽከረከራሉ። 1948 ወይም 1952 ለማግኘት ደጋግሞ መጎተት ያስፈልጋል፤ ጥቂት ሲያልፍ ደግሞ መመለስ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከኢትዮጵያ የመጡ አንዳንድ አዛውንቶች መታወቂያቸው ላይ የተጻፈው ዓመቱ ብቻ ነው። ቅጹ ቀንና ወር ካልሞላችሁ አላሳልፍ ካለ የጣታችሁ ጥፋት አይደለም። ከራሳችሁ ገምታችሁ አትሙሉ፤ መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ።

ፊርማ። በባንክ፣ በክሊኒክ ወይም ዕቃ ሲያመጡላችሁ በጣት ስክሪን ላይ ፈርሙ ትባላላችሁ። ይህም መጎተት ነው።

ካርታ። ቀዩ መስመር ባቡር ከ18 ኦገስት 2023 ጀምሮ ፔታህ ቲክቫን ከቴል አቪቭና ከባት ያም ጋር አገናኝቷል። ከኪርያት አርዬ ወይም ከቤይሊንሶን ጣቢያ የት እንደምትወርዱ በስልክ ለማየት ካርታውን በጣት መጎተት አለባችሁ።

ለምን ይከብዳል?

መጀመሪያ ይህን እወቁ፦ መጎተት ለወጣትም ከመንካት ይከብዳል። ፖል ፊትስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1954 እንዳሳየው፣ እጅ ወደ አንድ ቦታ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ርቀቱ ሲጨምርና ቦታው ሲያንስ ይጨምራል። በ1991፣ ማለትም ብዙዎቻችሁ በሰሎሞን ዘመቻ በመጣችሁበት ዓመት፣ ሌሎች ተመራማሪዎች በማውስና በሌሎች መሣሪያዎች መጎተትን ፈተኑ። ያገኙት ነገር ግልጽ ነበር፦ ጠቁሞ ከመንካት ይልቅ ይዞ መጎተት ይዘገያል፣ ስህተቱም ይበዛል። በ1997 ደግሞ መንገዱ በረዘመና በጠበበ ቁጥር ጊዜ እንደሚወስድ የሚያሳይ ስሌት ታተመ። ሰፊ መንገድ ላይና ጠባብ ድልድይ ላይ መሄድ እንደማይመሳሰል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቆዳ ነው። የዛሬ ስልክ የጣትን ጉልበት አይደለም የሚለካው። ስክሪኑ ላይ በጣም ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል አለ፤ ሰውነታችን ውስጥ ውሃና ጨው ስላለ ጣታችን ሲነካው ስልኩ ለውጡን ያውቃል። ጥፍር ይህን አያደርግም። በጣም የደረቀ ቆዳም ደካማ ምልክት ይሰጣል። ዕድሜ ሲገፋ ቆዳ ይደርቃል፤ ለዓመታት በጽዳት፣ በእርሻ ወይም በሸክላ ሥራ የደነደነ ጣት ደግሞ የበለጠ ያስቸግራል። ስለዚህ «ስልኩ አይሰማኝም» የሚል ሰው እውነቱን ነው። ጣቱን እየጎተተ ሳለ ስልኩ መሃል ላይ ይስተዋል፤ ጣቱ እንደተነሳ ይቆጥራል።

ሦስተኛው ምክንያት አያያዝ ነው። ስልኩን በአንድ እጅ ይዞ በዚያው እጅ አውራ ጣት መጎተት ለትልቅ ስልክ አይመችም። የያዘው እጅ መዳፍ የስክሪኑን ጠርዝ ከነካ ደግሞ ስልኩ ሁለት ጣት የመጣበት ስለሚመስለው ግራ ይጋባል።

በቤት የሚደረግ ፈተና

ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ፈተናዎች አሉ። ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይበቃል። ውጤቱን የሚያየው እናንተ ናችሁ እንጂ ማንም ነጥብ አይሰጣችሁም። ሳይደክማችሁ፣ መነጽራችሁን አድርጋችሁ፣ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣችሁ ሞክሩ።

ፈተና 1፣ ስልክ ማንሳት። ስክሪኑን ቆልፋችሁ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። አንድ የቤት ሰው 10 ጊዜ ይደውል። በመጀመሪያው ሙከራ ባነሳችሁ ቁጥር አንድ ጭረት ወረቀቱ ላይ አድርጉ። ከ10 ስንት ሆነ? 4 ከሆነ 4 ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉ።

ፈተና 2፣ መስመር። ብዙ ስልኮች በማስታወሻው ውስጥ በጣት የሚሳልበት ገጽ አላቸው፤ ልጆች ይክፈቱላችሁ። በስክሪኑ ግራና ቀኝ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ሁለት ነጥቦች አድርጉ። ከአንዱ ጀምራችሁ ጣታችሁን ሳታነሱ ሌላው ላይ አቁሙ። አምስት ጊዜ ከጎን ወደ ጎን፣ አምስት ጊዜ ከላይ ወደ ታች። ይህ ፈተና በጣም ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ስልኩ ጣታችሁን እንዴት እንዳየው መስመሩ ያሳያችኋል።

ፈተና 3፣ ማውስ። በኮምፒዩተር ለምትሠሩ ብቻ ነው። ሶሊቴር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ክፈቱ። ማይክሮሶፍት ይህን ጨዋታ በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር አወጣው፤ ብዙ ሰውም ማውስ መጎተት የለመደው በሱ ነው። ቁማር የለበትም፣ ለብቻ የሚጫወቱት ነው። 10 ካርታ ከቦታ ወደ ቦታ ጎትቱ፤ ስንቱ በመጀመሪያው ሙከራ እንደደረሰ ቁጠሩ።

ውጤቱን እንዴት እናነባለን?

ዋናው ነገር ስንት ጊዜ እንደሳታችሁ ሳይሆን እንዴት እንደሳታችሁ ነው። እያንዳንዱ ስህተት የራሱ ምልክትና የራሱ መድኃኒት አለው።

መስመሩ መሃል ላይ ከተቋረጠ፦ ስልኩ ጣታችሁን አጥቶታል ማለት ነው። ቆዳው ደርቆ ወይም ጥፍር ነክቶ ሊሆን ይችላል። እጃችሁን ታጠቡ፣ አድርቁ፣ ትንሽ የእጅ ክሬም ቀብታችሁ እስኪመጥ ጠብቁ። በጣት ጫፍ ሳይሆን ጣታችሁን ትንሽ አስተኝታችሁ በለስላሳው ሥጋ ንኩ። ስክሪኑን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ወፍራም ወይም የተሰነጠቀ መከላከያ መስታወት ካለው ይቀየር። በሳምሰንግ ስልኮች ላይ ደግሞ በስክሪን ማስተካከያው ውስጥ የንክኪ ስሜትን ከፍ የሚያደርግ ምርጫ አለ።

መስመሩ ከተወላገደ፦ እጃችሁ ድጋፍ አጥቷል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኙ፣ ክንዳችሁን እስከ ክርን አሳርፉ። በአውራ ጣት ሳይሆን በሌባ ጣት ጎትቱ። ጣት ብቻውን ከሚንቀሳቀስ ክንድ ሙሉውን ቢንቀሳቀስ መስመሩ ይቃናል።

መስመሩ ነጥቡን ካለፈ፦ ፈጥናችኋል። ወደ መጨረሻው ስትቀርቡ ዝግ በሉ። ነጥቡ ላይ ስትደርሱ ጣታችሁን ወዲያው አታንሱ፤ «አንድ» ብላችሁ ቆጥራችሁ አንሱ።

መስመሩ ጨርሶ ካልጀመረ ወይም ሌላ ነገር ከተከፈተ፦ አጀማመሩ ስቷል። ወይ ጣታችሁ ከምልክቱ ጎን አርፏል፣ ወይ ደግሞ ሳትይዙ ሮጣችኋል። መጀመሪያ ምልክቱ ላይ እረፉ፣ ከዚያ ሂዱ። ጽሑፉና ምልክቶቹ በጣም ትንንሽ ከሆኑ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ አሳድጓቸው።

በቀን 10 ደቂቃ ልምምድ

እጅ የሚማረው ጥቂት ጥቂት እየሠራ ነው። አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመታገል ለሁለት ሳምንት በየቀኑ 10 ደቂቃ ይሻላል። እንዲህ አድርጉ።

በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ረጅምና ሰፊ መስመሮችን በሥዕል ገጹ ላይ ጎትቱ፤ ቶሎ መሄድ አያስፈልግም። ቀጥሎ ነጥቦቹን አሳንሱ። ከዚያ ስማችሁን በአማርኛም ሆነ በዕብራይስጥ በጣት ጻፉ፤ በባንክ ለመፈረምም ይጠቅማችኋል።

በሁለተኛው ሳምንት ካርታ ክፈቱ። ኪርያት አርዬ ጣቢያን መሃል ላይ አድርጋችሁ የቀዩን መስመር ሐዲድ ተከትላችሁ ቤይሊንሶን ድረስ ሂዱ። አንድ የሚያደናግር ነገር አለ፦ በቀኝ ያለውን ለማየት ካርታውን ወደ ግራ መጎተት ነው። የተነጠፈ ጋቢ ጫፉ ራቅ ብሎ ሲተኛ ወደ ራሳችሁ እንደምትስቡት አስቡት፤ የሩቁ ነገር ወደ እናንተ ይመጣል።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ፈተና 1ን እና ፈተና 2ን በዚያው ወንበር፣ በዚያው ሰዓት ድገሙ። 4 የነበረው 7 ከሆነ እጃችሁ ተምሯል። ካልተለወጠም አትዘኑ፤ ከታች ያለውን ሌላ መንገድ ተመልከቱ።

ለማውስ ተጠቃሚዎች

በማውስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ስህተት መሃል መንገድ ላይ ጣት መልቀቅ ነው። ማውሱ በማይንሸራተት ንጹሕ ነገር ላይ ይሁን፤ የእጅ አንጓችሁ ጠረጴዛው ላይ ይረፍ። የቀስቷን ፍጥነት በማስተካከያው ውስጥ ቀንሱ። ቦታ ካለቀባችሁ ቁልፉን ሳትለቁ ማውሱን አንስታችሁ ወደ መሃል መልሱና ቀጥሉ፤ ቀስቷ ባለችበት ትጠብቃችኋለች።

ጣት ተጭኖ መያዝ ለሚያመው ሰው በዊንዶውስ የማውስ ማስተካከያ ውስጥ «ክሊክ ሎክ» የሚባል ነገር አለ። እሱ ከተከፈተ ቁልፉን ትንሽ ተጭናችሁ ትለቃላችሁ፣ ኮምፒዩተሩ ግን እንደያዛችሁ ይቆጥራል። ከዚያ ሳትጫኑ ትጎትታላችሁ፤ ስትደርሱ አንዴ ትጫናላችሁ፣ ይለቃል።

እጅ እምቢ ካለ

መጎተት የማይችል ሰው ስልክ መጠቀም አይችልም ማለት አይደለም። ይህን ክፍል ልጆቻችሁ ቢያነቡትና ቢያስተካክሉላችሁ ጥሩ ነው።

በሳምሰንግ ስልክ፣ ማስተካከያ (ሃግዳሮት) ውስጥ ተደራሽነት (ንጊሹት) በሚለው ሥር ጥሪን የመመለስና የመዝጋት ክፍል አለ። እዚያ ድምፅ መጨመሪያውን የጎን ቁልፍ በመጫን ስልክ ማንሳት ይቻላል። ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፤ መጎተት የለም።

በአይፎንም በተደራሽነት ሥር፣ ንክኪ በሚለው ውስጥ፣ ጥሪው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሱ እንዲነሳ ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን ይህን ስትመርጡ አስቡበት፦ የሚደውል ሁሉ፣ የማታውቁትም ሰው ቢሆን፣ ቤታችሁ ውስጥ የሚወራውን ሊሰማ ይችላል።

ይህ መብትም ነው። በእስራኤል የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች የእኩልነት መብት ሕግ በ1998 ወጥቷል፤ በእሱ ሥር ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ተቋማት አገልግሎታቸውን ተደራሽ እንዲያደርጉ ይገደዳሉ። በዓለም አቀፍ ደረጃም በኦክቶበር 2023 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ፣ እትም 2.2፣ በመጎተት የሚሠራ ነገር ሁሉ ያለ መጎተት፣ በመንካት ብቻ የሚሠራበት መንገድ እንዲኖረው ይላል፤ ያለ መጎተት ጨርሶ የማይሆን ነገር ካልሆነ በቀር። ስለዚህ አንድ ቅጽ በመጎተት ምክንያት እምቢ ካላችሁ የተቋሙን ረካዝ ንጊሹት፣ ማለትም የተደራሽነት ኃላፊ፣ መጠየቅ ልመና አይደለም። «በጣቴ መጎተት አልቻልኩም፣ በሌላ መንገድ አገልግሉኝ» ማለት ይበቃል።

አደራ፣ በባንክ ወይም በመንገድ ላይ ለማታውቁት ሰው «ይህን ጎትትልኝ» ብላችሁ የተከፈተ ስልክ አትስጡ። በመልእክት የሚመጣውን የምስጢር ቁጥርም ለማንም አትንገሩ። እርዳታ ከፈለጋችሁ የተቋሙን ሠራተኛ ጠይቁ፤ ስልኩ ግን ከእጃችሁ አይውጣ።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው?

መጎተት መክበድ አንዳንዴ የሰውነት ምልክት ነው። የስኳር በሽታ በጣት ላይ ያለውን ስሜት ሊያደነዝዝ ይችላል። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ሞራም ጣትን ከቦታው ያስታሉ። ከወራት በፊት ቀላል የነበረው አሁን ከከበደ፣ ወይም ውጤታችሁ በየሳምንቱ እየቀነሰ ከሄደ፣ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ለቤተሰብ ሐኪማችሁ አሳዩ። ሐኪሙ ወደ ሪፑይ በኢሱክ ሊልካችሁ ይችላል፤ እዚያ የእጅን ሥራ የሚያሠለጥኑ ባለሙያዎች አሉ።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። እጅ በድንገት ከዛለ፣ ፊት በአንድ ወገን ከወደቀ ወይም ንግግር ከተወላገደ ይህ የስልክ ችግር አይደለም፤ ወዲያው ወደ 101፣ ማጌን ዳቪድ አዶም፣ ይደወል።

ለልጆችና ለልጅ ልጆች

ይህን ለሚያነቡላቸው ልጆችም አንድ ቃል አለን። አያታችሁ ስልክ ማንሳት ሲያቅታቸው ስልኩን ከእጃቸው ነጥቃችሁ አትሥሩላቸው። እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጋችሁ ቆዩ። ስትደውሉላቸው ብዙ አስጩኹት፤ ቶሎ አትዝጉ። 10 ጊዜ መደወል ሰልቺ ነው፣ እናውቃለን። ግን እናንተ ወታደር ቤት ወይም ሥራ ላይ ስትሆኑ ከሐኪም ቤት ሲደወል የሚያነሱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ወደ ማህበራዊ ሠራተኛችሁ ስትመጡ ስልካችሁንና የፈተና ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ። የተደራሽነት ማስተካከያውን አብረን እንከፍታለን፣ ፈተናውንም አብረን እንሠራለን። ወደ የትኛው ቢሮ እንደምትሄዱ የማታውቁ ከሆነ በማዘጋጃ ቤቱ ስልክ 106 ደውላችሁ የማህበራዊ አገልግሎት መምሪያውን ጠይቁ። 106 ለመደወል መጎተት አያስፈልግም፤ ሦስት ቁጥርና አረንጓዴውን ምልክት መንካት ብቻ ነው።